ለሱሪ ኪስ፦ ሩገር ወይስ ሪቮልቨር?

የቨርጂኒያ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድህን አውጥተህ፣ በሱሪ ኪስ ለመያዝ ካዝና ካለው ከሩገር ኤልሲፒ ማክስና ባለ ከበሮ ሽጉጥ (ሪቮልቨር) ከሆነው ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 የትኛውን ልግዛ ነው ጥያቄህ። ማክስን ግዛ። ባዶውን 300 ግራም ገደማ ነው፤ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፤ ጠፍጣፋ ስለሆነም ኪስ አያሳብጥም። 642 የሚጎርሰው 5 ብቻ ነው፤ ከበሮውም ጎልቶ ይታያል። ሪቮልቨሩን የምመክርህ ጣትህ ደካማ ሆኖ ማቀባበል ካቃተህ ብቻ ነው።

ሁለቱም ቀላል ስለሆኑ ሲተኮሱ ክፉኛ ይራገጣሉ። ስለዚህ፦

1. ከመግዛትህ በፊት በተኩስ መለማመጃ ቦታ ሽጉጡን ተከራይተህ 50 ጥይት ተኩስበት።
2. ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የኪስ ማኅደር አብረህ ግዛ። ያለ ማኅደር ኪስ ውስጥ አይገባም፤ በዚያ ኪስ ቁልፍም ሳንቲምም አታስቀምጥ።

ደግሞ የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገር ተጠንቀቅ፤ ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። እኔ አንድ እሑድ ዲሲ ላስቀድስ ስሄድ ድልድዩ አጠገብ ደርሼ ኪሴን ስዳብስ ነው ትዝ ያለኝ። ቤት ተመልሼ፣ አስቀምጬ ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው እየወጣ ነበር።