ሰርዶው በበጋ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሎጅ ግቢ ያለች 300 ካሬ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ እንድይዝ ተቀጥሬ ነው። ሳሩ ሰርዶ ነው። ክረምቱን እንደ ምንጣፍ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኗል፤ ቦታ ቦታው ላይ እንደ ቆረቆር ራስ ተመልጧል። ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ጠዋትና ማታ በጎማ አጠጣለሁ። ዩሪያም ጨመርኩበት፣ ባሰበት። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጎማውን አስቀምጥ። ውሃ ያነሰው አይመስለኝም። ችግሩ ያለው አጠጣጡ ላይ ነው።

ማረጋገጫው በእጅህ ነው። የኳሷን ቀዳዳ ቦታ ስትቀይር በመቁረጫው የምታወጣው ክብ ጉማጅ አለ አይደል? ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ሰው አሮጌው ቀዳዳ ላይ ወትፎት ይሄዳል። አንተ ግን ቢጫው ቦታ ላይ አንድ አውጣና በቢላ ለሁለት ሰንጥቀው። ከላይ ቅጠሉ አለ። ከሥሩ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ቡናማ የሞተ ሳር፤ ከዚያ አፈሩ። ሥሮቹ የት ላይ አለቁ? ሁለት ጣት ላይ ካለቁ፣ ከዚያ በታች ያለው አፈርም ስታሸው እንደ ዱቄት ከበነነ በሽታው ተገኘ።

ሰርዶ ካልተቀማጠለ ሥሩን በጣም ወደ ታች ይሰዳል። ጠዋትና ማታ እፍ እፍ ስታደርግለት ግን ምን አስለፋው? ውሃው ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ቀትር ላይ ያ ሁለት ጣት አፈር ሲደርቅ እሱም አብሮ ይደርቃል። ስፖንጁ ደግሞ የምታጠጣውን እላይ ይይዘዋል። ብዙ የበሰበሰ ሳር ያለበት ቀላል አፈር አንዴ ጨርሶ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፤ ጠብታው ላዩ ላይ ይንከባለላል።

ስለዚህ የተመለጠውን ቦታ በአትክልት ሹካ ጥቅጥቅ አድርገህ ብሳ፤ ጥልቀቱ ወደ 10 ሴንቲ ይሁን። ቀስ ብለህ አጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይ፣ እንደገና አጠጣ። አፈሩ እስኪርስ ይህን ጥቂት ቀን ደጋግመው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስቴ፣ በማለዳ፣ ጠለቅ አድርገህ። ባዶ የቱና ቆርቆሮዎች ሜዳው ላይ በትንና 1 ሴንቲ ውሃ እስኪይዙ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያዝ። ለ300 ካሬ 1 ሴንቲ ማለት 3,000 ሊትር ነው። የማታውን ተወው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ፈንገስ ትጋብዛለህ።

ዩሪያው ላይ አልፈርድብህም። እኔም በጀማሪነቴ ዩሪያ እንደ ስንዴ በእጄ ዘርቼ ነበር። በሳምንቱ ሜዳው እንደ ሜዳ አህያ መስመር በመስመር ሆነ፤ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ የተቃጠለ። አለቃዬ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ እያየ ይስቅ ነበር። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ቀልድ አያውቅም። ለአንተ ሜዳ በአንድ ጊዜ 1 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀህ ግማሹን በርዝመቱ፣ ግማሹን በወርዱ በትን፤ ወዲያው አጠጣ። አሁን ግን አይነካ! የተጠማ ሳር ላይ ማዳበሪያ ጨው ነው።

ስለ ጨው ካነሣን፣ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዳ የሚባለው የጨው ዓይነት አለበት። አፈሩ ሲደርቅ ነጭ ነገር ካወጣና የቅጠሉ ጫፍ ቀድሞ ከተቃጠለ ጠርጥር። በወር አንዴ ከወትሮው እጥፍ አጠጥተህ ወደ ታች እጠበው። ጂፕሰም፣ ማለትም ሶዳውን ከአፈሩ የሚያስለቅቀው የጀሶ ድንጋይ ዱቄት፣ ይረዳል የሚሉህ እውነታቸውን ነው፤ ግን ውሃውንና አፈሩን ሳታስለካ አትግዛ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ እዚያው ከተማህ ውስጥ ነው፣ ሄደህ ጠይቅ። የግድግዳ ጀሶ እንዳታመጣ ብቻ፣ ሜዳውን ትለስነዋለህ።

አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ወዳ አይደለም፤ እሷ ብትሞትም እንደሚበቅል ስለምታውቅ ነው። መሬት ለመሬት የሚሄደውን ግንድ በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። ውስጡ እርጥብና ነጣ ያለ ከሆነ አልሞተም። ደግሞ ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሐዋሳ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል፣ መልኩም ትንሽ ይደበዝዛል። ያንን በማዳበሪያ አትታገለው። የማጨጃውን ከፍታ ወደ 8 ሚሊ ሜትር አንሣው፣ ምላጩን አስሞርድ። የደነዘዘ ምላጭ ቅጠሉን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ በማግስቱ ሜዳው አመድማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዋናው ሥራ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ብየዳ ቤት ሄደህ 1 ሴንቲ ተኩል ስፋት ካለው የብረት ቧንቧ አፉ የተሳለ መብሻ አሠራ። በየአምስት ሴንቲው አፈሩን እየነቀልክ አውጣ፤ ቀዳዳውን ታጥቦ በተነፋ አሸዋ ሙላ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስጠላል፣ እንግዶች ያጉረመርማሉ። ይችሉታል። ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ እጨድ፣ ግን ከቅጠሉ ርዝመት ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ አትቁረጥ። ዝናቡ እንደ ጀመረ ተምች ጠብቅ፤ አንድ ካሬ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስስ፣ ካለ ብቅ ይላል። መስከረም ላይ ያቺን 1 ኪሎ ተኩል ጣልለት።

ቢጫው የዛፍ ጥላ ሥር ብቻ ከሆነ ግን የጻፍኩትን ሁሉ እርሳው፤ ሰርዶ ጥላ አይወድም፣ ቅርንጫፉን አስመልምል። ያም ሆነ ይህ የመጀመሪያውን ጉማጅ ሰንጥቀህ፣ ከጎኑ የክብሪት እንጨት አስቀምጠህ ፎቶውን ላክልኝ።