ጊታሬ ጣቴን ፈጀኝ፣ ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ጅማ ሂርማታ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ተማሪ ነኝ። ተመርቃ ከሄደች ጓደኛዬ ላይ የብረት ክር ያለው አኮስቲክ ጊታር ገዝቼ ነበር። ሐሳቤ ትዝታ እየተጫወትኩ መዝፈን ነው። ግን 10 ደቂቃ ሳልሞላ የግራ እጄ ጣቶች ይቃጠላሉ። ኤፍ ኮርድማ፣ ያ በአንድ ጣት ብዙ ክር ባንዴ የሚያዝበት አያያዝ፣ ጭራሽ አይሞከርም። ክረምት ላይ ደግሞ ባሰበት። ወንድሜ "ጣትሽ አጭር ነው፣ ጊታር ያንቺ አይደለም" ይለኛል። እውነቱን ነው? ልሽጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቆይ አትሽጪው። ወንድምሽም በጣትሽ ላይ ቶሎ አይፍረድ። እዚሁ ጅማ ጊታር ስጠግንና ሳስተምር ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። "ጣቴ እምቢ አለኝ" ብሎ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ጊታሩ ላይ ነው። ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ ሲወጣ ክሩ ከፍ ተደርጎ ነው የሚወጣው። ዝቅ ያለ ክር ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) እየነካ ዝዝ ይላል፣ ከፍ ያለው ዝዝ አይልም፤ ጣት ግን ይፈጃል። ማስተካከሉ ለገዢው ይቀራል፣ ይህን ግን ሲሸጡለት ማንም አይነግረውም።

መጀመሪያ ካፖ፣ ማለትም ስድስቱንም ክር ባንዴ የሚጫነውን መቆንጠጫ፣ ተዋሺና አንደኛው ፍሬት ላይ እሰሪው። ከዚያ የምታውቂያቸውን ኮርዶች ያዢ። እጅሽን ድንገት ከቀለለው ጥፋቱ የአንገቱ ጫፍ ላይ ካለችው ነጭ ቁራጭ ነው፤ ክሮቹ ወደ መቃኛው ከመድረሳቸው በፊት ከሚያርፉባት ማለቴ ነው። ክሮቹ የሚገቡባቸው ቦዮች በቂ ጥልቀት የላቸውም ማለት ነው። ካፖ ካጣሽ አንዱን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኚውና ጎንበስ ብለሽ አንደኛውን ፍሬት እዪ። በክሩና በፍሬቱ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ብቻ ነው መታየት ያለባት። እዚያ ላይ ክሩን በሌላኛው እጅሽ መታ ብታደርጊው "ጢቅ" የምትል ቀጭን ድምፅ ትሰሚያለሽ። ክፍተቱ ከዚህ ሰፋ ካለ ኤፍ ኮርድ ለረጅም ጣትም አይሆንም፤ ክሩን የምትጫኚው እዚያው ከፍ ካለበት አጠገብ ነዋ። ብዙ ሰው የክሩን ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ሁልጊዜ ከዚህች ቁራጭ ነው የምጀምረው፤ ጀማሪ ውሎ የሚያድረው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ላይ ነው። ግን ራስሽ እንዳትሞርጃት። ቦዩ ትንሽ ካለፈ ሳትጫኚው የሚመታው ክር ዝዝ ይልና ቁራጯ መቀየሯ ነው። ቀጫጭን ሞረድ ያለው ሰው ፈልጊ።

ከዚያ ማስመሪያ አምጪና 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኪ። ለብረት ክር ቀጭኑ 2፣ ወፍራሙ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ እጅ ያርፋል። 4 ከደረሰ ስቃይ ነው። አንገቱ ወደፊት ጎብጦም ሊሆን ስለሚችል እሱንም እዪ። አንዱን ክር አንደኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ባንዴ ተጫኚውና መሃል አካባቢ ያለውን ክፍተት ተመልከቺ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ደህና ነው። በጣም ከበለጠ አንገቱ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ የሚባለው የብረት ዘንግ በቁልፍ ይጠብቃል፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፍ። አንገቱ ቀጥ ብሎም ክሩ ከፍ ካለ፣ ብሪጁ ላይ (የጊታሩ ፊት ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ነው) ያለችውን ነጭ ቁራጭ አውጥቶ ከታች በኩል በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ከቁራጯ 2 ሚሊሜትር ይቀነሳል።

"ክረምት ላይ ባሰበት" ያልሽው ትክክል ነው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። የጊታሩ ፊት ከፍ ይላል፣ ብሪጁንም ክሩንም ይዞ ይነሣል። በጋ ላይ ደግሞ እንጨቱ ይሰበሰብና የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ብቅ እያለ እጅሽን ይጭራል። ስለዚህ የብሪጁን ቁራጭ ሐምሌ ላይ አታስነኪ። ሐምሌ ተለክቶ የወረደ ክር ታኅሣሥ ሲደርስ ዝዝ ማለቱ አይቀርም። ዝናቡ ቆሞ እንጨቱ ሲረጋ አሠሪው። እስከዚያ ጊታሩን እርጥብ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፣ ቡና ሲፈላም ከሰሉ አጠገብ አታስደግፊው። ቦርሳው ውስጥ ይደር። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች ጣል አድርጊበት።

ክሩንም ቀይሪ። ብዙ አኮስቲክ ጊታር 12 የሚባለው ክር ነው የሚታሰርለት፤ ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች ነው ማለት ነው። አንቺ 10 ወይም 11 ግዢ። ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፣ ለዘፈን አጃቢ ግን ይበቃል። ከፈለግሽ ደግሞ ስድስቱንም ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ቃኚ። የክሩ ውጥረት 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ጣትሽ ወዲያው ይሰማዋል። ለብዙ ሴቶች የትዝታ ዜማ ዝቅ ብሎ ሲዘፈን ድምፃቸውን ያሞቀዋል፤ እስቲ ሞክሪው።

ትዝታ ካነሳሽ አይቀር፣ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። ስድስቱን ክሮች ምንም ሳትጫኚ ምቻቸው። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ከጂ ተነሥተሽ ስትደረድሪያቸው ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናሉ። የሜጀር ትዝታ አምስቱም ድምፆች እነዚሁ ናቸው! ማለትም ጊታሩ ሳትነኪው ትዝታ ላይ ተቃኝቷል። ግማሽ ድምፅ ብታወርጂውም ቅኝቱ አይለወጥም። ስለዚህ በኤፍ ኮርድ አትጀምሪ። ዜማውን ከጂ እየተነሣሽ ፈልጊው፣ ሳይያዙ የሚመቱትን ክሮች እንዲዘልቁ ተያቸው፣ ሲያስፈልግ ብቻ አንድ ጣት ጨምሪ። ድምፁ ሳይቆረጥ ደረትሽ ላይ ሲነዝር የሚሰማሽ ደስታ ነው ነገ መልሶ ጊታሩን የሚያስነሣሽ። ተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ይህን የቀመሰ ሰው ለጣቱ ሕመም ይታገሣል።

አቀማመጥም አለ። ሶፋ ላይ አትጫወቺ፣ ወደ ውስጥ ይውጥሻል፤ መደገፊያውም ክንድሽን ይከለክለዋል። ቤታችሁ የጅማ በርጩማ ካለ እሱ ይሻላል። ዝቅ ስለሚል ጭንሽ ከፍ ይላል፣ ጊታሩም ወደ ደረትሽ ይጠጋል። ጣትሽን ለማየት ብለሽ የጊታሩን ፊት ወደ ላይ አታጋድሚው፣ ያኔ አንጓሽ ይታጠፋል። ክሩንም ልክ ከፍሬቱ ኋላ ተጠግተሽ ተጫኚ። በሁለቱ ፍሬቶች መካከል ስትጫኚ ያለ ጥቅም ነው የምትደክሚው።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። የምን ጊታር ልግዛለት? አባት፣ ከአጋሮ መንገድ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ናይለን ክር ያለው ትንሽ ክላሲካል ጊታር ግዛለት፤ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ የሚባለውን። የትልቁ ክላሲካል አንገት ጫፉ ላይ 52 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ለልጅ እጅ አይሆንም። ልጁን ይዘኸው ሂድና ሱቁ ውስጥ አስይዘው፤ ቀኝ ክንዱ ትከሻውን ሳያነሣ ክሩ ላይ ካረፈ ልኩ ነው። ናይለኑ ሲበጠስ ደግሞ የብረት ክር እንዳታስርለት። ውጥረቱ ስለሚበልጥ ብሪጁን ይነቅለዋል።