አባቴ የተዉልኝ ኳርተሮች ዋጋ አላቸው?

ጥያቄ፦ አባቴ አሜሪካ በኖሩባቸው ዓመታት ከሚመለስላቸው ዝርዝር ላይ እየለቀሙ የሃምሳዎቹን ግዛቶች መታሰቢያ ኳርተር (የአሜሪካን የ25 ሳንቲም ገንዘብ) አሟልተው በአልበም ደርድረው ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ አልበሙ እኔ እጅ ገብቷል። ሳንቲሞቹ ምን ያህል ያወጣሉ? ከመሸጤ በፊትስ ላጽዳቸው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምርና፣ እባክዎ አያጽዷቸው። በጨርቅም ሆነ በሳሙና የተፈተገ ሳንቲም ደቃቅ ጭረት ይቀርበታል፤ ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር ወዲያው ይለየዋል፣ ዋጋውም ያኔውኑ ይወርዳል።

እነዚህ ኳርተሮች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 በየዓመቱ አምስት አምስት እየሆኑ፣ ግዛቶቹ ወደ ኅብረቱ በገቡበት ቅደም ተከተል፣ ከዴላዌር እስከ ሃዋይ የወጡ ናቸው። የተመረቱት እጅግ በብዛት ስለሆነ (የ2000ው የቨርጂኒያ ብቻ ከ1.5 ቢሊዮን ይበልጣል) እና ብዙ ሰው እንደ አባትዎ ስላስቀመጣቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ኳርተር ዛሬም የሚያወጣው ያንኑ 25 ሳንቲም ነው። ሃምሳው ተደምሮ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሆኑን ብደብቅዎ አላግባብ ተስፋ መስጠት ይሆንብኛል።

ይሁን እንጂ አልበሙን ከመዝጋትዎ በፊት የ2004ን የዊስኮንሲን ኳርተር ያውጡ። በፊቱ፣ ከዋሽንግተን ጸጉር በስተቀኝ ያለችው ትንሽ ፊደል የዴንቨር ሳንቲም ማምረቻ ምልክት የሆነችው ዲ ከሆነች፣ ገልብጠው ከአይቡ ጋር የተቀረጸውን በቆሎ ግራ ጎን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ከጥቂቶቹ ላይ መኖር ያልነበረበት ተጨማሪ ቅጠል ይታያል፤ በአንዱ ዓይነት ቅጠሉ ወደ ላይ ይቆማል፣ በሌላው ወደ አይቡ ይታጠፋል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ይህንን ስህተት ነው፤ ያልተነካካ ሲሆን በአሥር ዶላሮች የሚቆጠር ዋጋ ያወጣል።

ቀጥሎ የሳንቲሞቹን ጠርዝ ይዩ። ተራው ኳርተር መሃሉ መዳብ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለው፣ ክብደቱም 5.67 ግራም ነው። መስመሩ ከሌለና የሳን ፍራንሲስኮዋ ኤስ ፊደል ካለችበት፣ ለሰብሳቢዎች ተብሎ 90 በመቶ ብር ሆኖ የተሠራ፣ 6.25 ግራም የሚመዝን ሳንቲም ሊሆን ይችላል፤ ከዝርዝር መካከል የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው።

የሳንቲም ጥራት ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ይመዘናል፤ ገበያ ላይ ያልዋለ የሚባለው ከ60 ጀምሮ ሲሆን፣ ለተራ ኳርተር የረባ ዋጋ የሚከፈለው ከ67 ገደማ ወደ ላይ ነው። ኪስ ውስጥ የተንኳኳ ሳንቲም እዚያ አይደርስምና እንደ ፒሲጂኤስ ወዳሉ የሳንቲም ጥራት መዛኝ ድርጅቶች መላክ ከሳንቲሙ በላይ ያስከፍልዎታል። ዋጋ ሲያጣሩም ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ገዥ በእርግጥ የከፈለውን ይያዙ፤ በሺዎች የሚጠሩት አብዛኞቹ ገዥ ያላገኙ ናቸው።

በዊስኮንሲኑ ላይ ቅጠሉን ካገኙት፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይዘው የሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ ይላኩልን።