ሶሾሎጂ ደርሶኛል፤ ልቀይር ወይስ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አካውንቲንግ ፈልጌ ሶሾሎጂ ደረሰኝ። ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው፤ አጎቴ በመጣ ቁጥር «እሱን ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?» እያለ ያሸማቅቀኛል። መልስ የለኝም። በመግቢያ ኮርሱ ፈንክሽናሊዝም፣ የግጭት ንድፈ ሐሳብ፣ ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም እያልን ሸመደድን። ፈተናው ሲያልፍ ሁሉም ከጭንቅላቴ ጠፋ። የምርምር ዘዴ የሚባለው ኮርስ ደግሞ ገና ከጅምሩ ሰልችቶኛል። ዲፓርትመንት ልቀይር? ከቀጠልኩስ የት ነው የምቀጠረው? ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚያሠለጥኑ አሉ፤ ከፍዬ ልማር?

መልስ፦ እህቴ፣ የአጎትሽ ስጋት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። «ሶሾሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አይወጣም። አካውንታንት ግን ሁሌ ይፈለጋል። እሳቸው የሚያዩት ይህንን ነው።

አንቺ ግን ከርዕሱ ወረድ ብለሽ አንብቢ። በኩር ጋዜጣን ግዢና የሥራ ማስታወቂያዎቹን እያቸው። «የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ»፣ «የክትትልና ግምገማ ኦፊሰር»፣ «የሕፃናት ጥበቃ ኦፊሰር»፣ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ» የሚሉ መደቦች ይወጣሉ። ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት በሚለው ሥር ሶሾሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ወይም «ተዛማጅ» ይላል። በየደረጃው ያሉ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች አሉ፤ የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) አለ፤ የልማት ድርጅቱ ኦርዳ አለ፤ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች (መያዶች) አሉ። ብዙ ተማሪ የማያስበው ደግሞ የመሠረተ ልማት ሥራ ነው። መንገድ ወይም መስኖ ሲሠራ ሰው ከመሬቱ ይነሳል። መርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ሲሠራም ተነሺዎች ነበሩ። ማን ምን እንደሚያጣ ቤት ለቤት መመዝገብ፣ ቅሬታ መስማት፣ የተነሳው ሰው በኋላ እንዴት እንደሚኖር መከታተል ያስፈልጋል። የካሳና የመልሶ ማቋቋም አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ መንግሥትንም የሚያስገድደው ነገር አለ። የውጭ አበዳሪዎች ደግሞ የማኅበራዊ ተፅዕኖ ጥናት ሳይቀርብ ገንዘብ አይለቁም። ያንን ጥናት መሐንዲሱ አይሠራውም።

እነዚህ ሁሉ መደቦች ላይ ለፈተና ሲቀርቡ ተመራቂዎች የሚወድቁት አንድ ቦታ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ይናገራሉ። «እስቲ ለአንድ ቀበሌ አጭር መጠይቅ አዘጋጅ» ሲባሉ ግን እጃቸው ይታሰራል። ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ቆጥሮ፣ በሁለት ገጽ ጽፎ ማምጣት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። እናም የሰለቸሽ ኮርስ እንጀራሽ ነው።

ለምን እንደሰለቸሽ ይገባኛል። ዘዴው ያለ ጉዳይ ሲሰጥ ደረቅ ነው። ስለዚህ ጉዳይ እንስጠው። ከዩኒቨርሲቲሽ ፔዳ ግቢ ሩቅ ሳትሄጂ፣ ጣና ዳር ዓሣ የሚራገፍበትን ቦታ ውሰጂ። ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ይወርዳል፤ ይበለታል፤ ይሸጣል። ፈንክሽናሊዝም የፈረንሳዊው ሶሾሎጂስት የዱርካይም ልጅ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው ተያይዞ እንዲቆም የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መረብ የጠፋበትን ማን ያነሳዋል? ዕቁቡና ዕድሩ ምን ሥራ ይሠራሉ? የግጭት ንድፈ ሐሳብ ከማርክስ ወገን ነው፤ ሞተር ጀልባው የማን ነው ይላል። ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? በደንገል ታንኳ የሚያጠምደውና በሞተር የሚያጠምደው እኩል ይደራደራሉ? ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ጨዋታቸውን ያዳምጣል። «ደንበኛዬ» የሚባለው ማን ነው? ዱቤ የሚሰጠው በምን ምልክት ታምኖ ነው? ቦታው ያው ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ሦስት ዓይነት ሆኑ። ይህን አንዴ በዓይንሽ ካየሽ መሸምደድ አያስፈልግሽም።

አሁን ዘዴው ይመጣል። ጠዋት ሄደሽ ያገኘሻቸውን ሰዎች ብቻ ብታነጋግሪ ያገኘሽው ሥራ የፈታውንና ወሬ የሚወደውን ነው። ሌሊት መረብ ሲጥል ያደረው ተኝቷል። ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠዋ ሴት ጭራሽ እዚያ የለችም፤ ያለችው ከምድጃዋ ጋር ነው። ናሙና የሚባለው ነገር ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ማን እንደቀረብሽ ማወቅ። ቀመሩ በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ጥያቄው። «በወር ስንት ታገኛለህ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ዓሣ አጥማጁ ወይ ግብር ሰብሳቢ ትመስይዋለሽ፣ ወይ ዕርዳታ ሰጪ። አንደኛዋ ከሆንሽ ያሳንሰዋል፤ ሁለተኛዋ ከሆንሽ ደግሞ የባሰ ያሳንሰዋል። «ኑሮ እንዴት ነው?» ስትይው «ተመስገን ነው» ይልሻል። ይህ መልስ በእኛ አገር ለጠገበውም ለተራበውም አንድ ነው። ይልቅ «ትናንት ምን ያህል ሸጥክ? ከዚያ ላይ ለነዳጅ ስንት ወጣ?» በይው። «ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት እህል የተበደራችሁበት ቀን ነበር?» በያት። የቅርብ ጊዜ፣ የሚቆጠር ነገር። ልምድ ያላቸው ጠያቂዎች የሚለዩት በዚህ ነው፤ ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ የሚያመጣ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል።

ሳትረሺው፦ ከመጀመርሽ በፊት ከዲፓርትመንትሽ ደብዳቤ ያዢ፣ ማኅበራቸውን አስፈቅጂ። አልፈልግም ያለሽን ሰው አመስግነሽ እለፊ። ስም አትጻፊ።

ባህልን በተመለከተ መምህርሽ የራስን ባህል የሁሉ መለኪያ ማድረግ ስህተት ነው ብለው ይሆናል። ይሄ ለፈተና ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስልሽ። ጣና ዳር የሚኖሩትን ነገደ ወይጦዎችን አስቢ። ታንኳ መሥራትን እንደነሱ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ሌላው ሕዝብ ለረጅም ዘመን ሲጸየፋቸውና ሲያገልላቸው ኖሯል። ፊትሽ ላይ ያንን መጸየፍ ጠብታ ታህል ካዩ፣ መጠይቅሽ የቱንም ያህል ቢያምር እውነቱን አይነግሩሽም። ለምን ይንገሩሽ? በአንጻሩ ሰው መሀል ቁጭ ብሎ መማር ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የአለን ሆበንን ሥራ ተመልከቺ። ይህ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በእነሱ አቆጣጠር በ1960ዎቹ እዚሁ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጠና። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እየቆጠረ መሬት እንዴት እንደሚጠይቅ ያስረዳው ከሽማግሌዎቹ ጋር ውሎ ስለነበር ነው። ለፎርም ብቻ መጥቶ የሚሄድ ሰው ያንን አያገኝም።

ወደ አጎትሽ ልመለስ። ሲ ራይት ሚልስ የሚባል ሶሾሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ለይቷል። መቶ ሺህ ሰው ባለበት ከተማ ሥራ ያጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ችግሩ የራሱ ነው፤ ጠባዩንና ችሎታውን እንይ። ሥራ ያጡት ሚሊዮኖች ከሆኑ ግን የተበላሸው የኅብረተሰቡ አደረጃጀት ነው። ተመራቂ ሲበዛና ሥራ ሲያንስ እያንዳንዷ ልጅ «እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ብላ ታስባለች። አካውንቲንግ የተመረቁትም ቤት ቁጭ ያሉ አሉ፤ አጎትሽ ይህን ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ይህ ራስሽን ከመውቀስ ያድንሻል እንጂ ሥራ አያስቀጥርሽም። ለሥራው ሌላ ሶሾሎጂስት ልጥቀስልሽ።

ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፣ ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠየቀ፦ ወሬውን የነገረህን ሰው ያኔ በምን ያህል ጊዜ ታገኘው ነበር? ቶሎ ቶሎ ያሉት 16.7 ከመቶ ናቸው። 55.6 ከመቶ አልፎ አልፎ፣ 27.8 ከመቶ ከስንት አንዴ አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የልብ ጓደኞችሽ የሚያውቁትን ማስታወቂያ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አንድ ላይ ነው የምትውሉት። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሩቅ ከምታውቂው ሰው ነው። ያ ጥናት አሜሪካ የተሠራ ነው፤ በእኛ አገር ዘመድ ከዚህ የበለጠ ጉልበት እንዳለው አልክድም። ሆኖም ዘመድ የሌላትም ልጅ መንገድ እንዳላት ያሳያል። በአንድ ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆነሽ ለጥቂት ቀን ብትሠሪ፣ ያስተባበረሽ ሰው በሚቀጥለው ሥራ ላይ ስልክሽን ይፈልጋል። አበሉን ብቻ አይተሽ አትሂጂ። መጠይቁን በጥንቃቄ ሞልተሽ፣ በሰዓቱ አስረክቢ፣ የአስተባባሪውን ስልክ ያዢ፣ ለበዓል እንኳን አደረሰዎ በይ። ሥራው የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ልቀይር ወይ ላልሽው፦ ቁጥር ማስታረቅ፣ ሒሳብ መዝጋት በእውነት ደስ የሚልሽ ከሆነ ቀይሪ፤ ነውር የለውም። ሬጅስትራር የጊዜ ገደብና መስፈርት ስላለው ነገ ዛሬ ሳትይ ጠይቂ። አጎትሽን ዝም ለማሰኘት ከሆነ ግን አትቀይሪ። ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ሶሾሎጂ ላይ ሆነሽ የበጀት ሠንጠረዥ ማንበብ መማር ትችያለሽ፤ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። ከቀጠልሽ ደግሞ ንድፈ ሐሳቡን ችላ አትበይው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ያለሱ ዲግሪው አይሰጥም።

ኤስፒኤስኤሱን ለአሁኑ ተዪው፣ ገንዘብሽን ያዢ። ኮቦ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ነፃ አካውንት አለው፣ ብዙ መያዶችም እሱን ይጠቀማሉ። የጣና ዳሩን መጠይቅ እዚያ ላይ ሥሪና ሃያ ሰው ጠይቂ፤ ያገኘሽውን ወደ ኤክሴል አውጥተሽ ሁለት ገጽ ጻፊ። ያንን ለቅጥር ስትቀርቢ ከሲቪሽ ጋር ታያይዥዋለሽ። ኤስፒኤስኤስ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሲደርስ፣ የራስሽ ዳታ እጅሽ ላይ እያለ ተማሪው፤ ያኔ ምኑን እንደምትጠይቂው ታውቂያለሽ።