መልስ፦ ለቢሪያኒ በሄል ፈንታ ኮረሪማ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ቢሪያኒ ለሚባለው የህንዶች የሩዝና የሥጋ ምግብ ኮረሪማ ያስኬዳል፤ ኪር ለሚባለው የሩዝና የወተት ጣፋጭ ግን በፍጹም አልመክርሽም። ህንዶች ሁለት ዓይነት ሄል ይጠቀማሉ። በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ተራሮች የሚበቅለው አረንጓዴው ለሻይም ለጣፋጭም ይገባል። ጥቁሩ ተለቅ ያለ ነው፤ በጭስ ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ለሥጋ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ኮረሪማ፣ ጭሱን ባይተካም፣ ለዚህኛው ይቀርባል።

ከዓይነቱ ይልቅ አጨማመሩን ልብ በይ! ለቢሪያኒ ፍሬውን ከነልጣጩ ሰንጠቅ አድርገሽ፣ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት በጋለ ቅቤ ለጥቂት ሰከንድ ጠበስ አድርጊው፤ መዓዛውን አውጥቶ የሚይዘው ስቡ ነው። ለኪር ከሆነ ዘሩን ብቻ ወቅጠሽ፣ ከምድጃው ልታወርጂ ስትይ ጨምሪው። ተፈጭቶ የሚሸጠውን ተይው፤ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል።