ብር ሲገባ የ670ዋ ጫፍ የት ሄደች?

«25 አቶም ባለው የወርቅ ናኖክላስተር ውስጥ ብር ለማስገባት ሲልቨር ናይትሬትን ከወርቁ ጨው ጋር አንድ ላይ ሪዲዩስ አደረግኩ። በብርሃን መምጠጥ ስፔክትረሙ 670 ናኖሜትር ላይ ያለችው ጫፍ ጠፋች፣ ብልቃጡ ስር ነጣ ያለ ዝቃጭ ቀረ። ተበላሸ ማለት ነው?» ላልከው የኮምቦልቻ ወንድማችን፦

አብሽር፣ ገና ነው። መጀመሪያ ዝቃጩ። የወርቁ ጨው ለአንድ ወርቅ አራት ክሎራይድ ይዞ ይመጣል፤ ቴትራኦክቲልአሞኒየም ብሮማይድ ከተጠቀምክ ብሮማይድም አለ። ብር ሁለቱንም ይዞ ይዘቅጣል። ስለዚህ የመዘንከው ብርና ክላስተሩ ጋ የደረሰው ብር አንድ አይደሉም። የቧንቧ ውሃም ይጠርጠር፦ ብልቃጡን ባለቀለቅክበት ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጣል አድርግ፤ እንደ አጓት ከደፈረሰ በተጣራ ውሃ ድገመው።

የሚያዋጣው ብሩን በኋላ ማስገባት ነው። ንጹሑን የወርቅ ክላስተር በፌኒልኢታንታዮል (ወርቁን ከውጭ በሚሸፍነው የድኝ ውሁድ፣ ታዮል) ሥራ። (ወርቁን ሪዲዩስ የሚያደርገውን ቦሮሃይድራይድ በበረዶ ውሃ የምታሟሟው ልትጨምረው ስትል ነው፤ ደሴ ብርድ ላይ ትንሽ ይታገስሃል፣ ኮምቦልቻ ላይ ግን አረፋ እየሆነ ኃይሉ ያልቃል።) ትርፍ ታዮልና ብሮማይዱ እስኪወጣ በሜታኖል ደጋግመህ እጠብ፣ ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ አሟሟ። ከዚያ ብሩን በናይትሬት ሳይሆን በብር-ታዮሌት ኮምፕሌክስ መልክ ጨምር። ለአንድ ክላስተር አንድ ብር ብለህ ጀምር፤ በየጭማሪው ስፔክትረም አንሳ።

አሁን ወደ ጫፏ። የክላስተሩ እምብርት 13 አቶም ነው፦ መሃል አንድ፣ ዙሪያውን 12። የ670ዋ ጫፍ የምትመጣው ከዚህ እምብርት ነው። ብር መቀመጥ የሚወደው ዙሪያው ላይ ነው፤ ሲገባ የኃይል ክፍተቱ ስለሚሰፋ ጫፏ ወደ ሰማያዊው ትሸሻለች። ብልቃጥህ ውስጥ ግን አንድ ብር የያዘም፣ አምስት የያዘም ተደባልቋል፤ የምታየው የሁሉንም ድምር ስለሆነ ጫፏ ተድጣ የጠፋች ትመስላለች። ፕላቲነም ሌላ ነው፤ መሃሉን ይይዛል፣ የክላስተሩ ኤሌክትሮኖች ከ8 ወደ 6 ይወርዳሉ፣ 1100 አካባቢ አዲስ ጫፍ ይወጣል። ብዙ የዩቪ-ቪዝ (ብርሃን መምጠጥን የሚለካ) መሣሪያ ደግሞ እዚያው 1100 ላይ ያቆማል!

ቦታ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ዘንግ ቅርጽ ያለውን ባለ 25 አቶም የወርቅ-ብር ክላስተር ተመልከት፦ እስከ 12 ብር ድረስ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ 13ኛው ብር መሃል ሲገባ የፍሎረሰንስ ምርታማነቱ (ከመጠጠው ብርሃን መልሶ የሚያወጣው ድርሻ) 40.1 በመቶ ደረሰ፤ 2014 ላይ የታተመ ነው።

አንድ ማሳሳቻ አለ። ብር ሳይገባም ክላስተሩ በአየር ኦክሲዳይዝ ሲሆን ስፔክትረሙ ይቀየራል። ብርቱካናማ ቡኒው ወደ አረንጓዴ ከዞረና 800 ላይ ያለችው ትከሻ ከጠፋች ቻርጁ ከ−1 ወደ 0 ሄዷል ማለት ነው፤ የብር ሥራ ነው ብለህ አትመዝግብ።

ቁርጡን የሚነግርህ የክላስተሩን ክብደት የሚያሳየው ማስ ስፔክትረም ነው። ንጹሑ 7394 ዳልተን አካባቢ ይወጣል፤ አንድ ወርቅ በብር ሲተካ 89 ይቀንሳል፣ ጫፎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በ89 ርቀት ይደረደራሉ። በማልዲ (ናሙናውን በሌዘር በሚያስነሳው የማስ ስፔክትረም ዘዴ) ካስነሳህ የሌዘሩን ኃይል አሳንስ፤ ከበዛ አራት ወርቅና አራት ታዮሌት ተገንጥሎ 1337 ይጎድልብሃል።