«በካርቶን ብሠራ ይንቁኛል?» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሥዕል የምትማር ናት። «ጋሼ፣ ሸራ መግዣ እስካገኝ ድረስ ለጊዜው በካርቶን ብሠራ ሰው ይንቀኛል?» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ከቻልሽ ሸራ ይሻላል፣ አይዞሽ» ብዬ መለስኩላትና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለማንም አውርቼው የማላውቀውን ነገር ነካችብኝ። እና ያን ምላሽ ዛሬ መሰረዝ እፈልጋለሁ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ላላችሁም ነው የምጽፈው።

በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው ግራፊክስ እንድማር ሞስኮ የተላክሁት። እዚያ የተማርን የማንረሳቸው ቃላት አሉ፤ ማደሪያው ኦብሽቼዥቲዬ፣ የኪስ ገንዘቡ ስቲፔንዲያ ነው። አምስት ዓመት በደህና ኖርን። ከዚያ ሁሉም ባንድ ዓመት ተገለባበጠ። ግንቦት 1983 እኛ ጋ መንግሥት ተቀየረ፤ ከቤት ደብዳቤ መምጣት አቆመ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ያስተማረን አገር ራሱ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ፈረሰ። በፈረንጆቹ ጥር 2 ቀን 1992 የዋጋ ቁጥጥሩ ተነሳ። የወር ስቲፔንዲያችን ዳቦና ድንች ላይ አለቀች። ሸራና የዘይት ቀለም የሕልም ዕቃ ሆኑ።

በዚያ ብርድ አንድ የክፍሌ ልጅ፣ በደቡብ ሩሲያ ካለችው ሮስቶቭ ከተማ አካባቢ የመጣ ሩሲያዊ፣ «የአገሬን ልጆች ላሳይህ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሐሙስ ማታ ነበር። ከፓትርያርክ ኩሬዎች አጠገብ፣ ትርዮኽፕሩድኒ በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሊፈርስ የተወሰነበት ሕንፃ ውስጥ አርቲስቶች ገብተው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 ሐሙስ ሐሙስ አዲስ ኤግዚቢሽን ይከፈት ነበር። አብዛኛው የአንድ ምሽት ነው። ገና በሮስቶቭ ሳሉ «ሥነ ጥበብ ወይም ሞት» የሚል ስም ለቡድናቸው የሰጡ ልጆች ናቸው። እዚያ ከተማቸው በፈረንጆቹ 1988 ሥዕላቸውን የሕዝብ ሽንት ቤት ውስጥ እስከማሳየት ደርሰዋል። አሰባሳቢያቸው አቭዴይ ቴር-ኦጋንያን ነበር። አንዱ ደግሞ ቫሌሪ ኮሽሊያኮቭ ነው።

ደረጃው ጨለማ ነበር፣ የሽንትና የሲጋራ ሽታ አለው። ወደ ውስጥ ስንገባ አንድ ትልቅ የኮሽሊያኮቭ ሥራ ግድግዳውን ይዞታል። ጠጋ ብዬ አየሁት። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ነው፤ ተቀዶ፣ ተዘርግቶ፣ ጎን ለጎን ተያይዞ። እጥፋቱ ይታያል። የታሸገበት ፕላስተር እንኳን አልተላጠም። ቀለሙ ቀጭን፣ ውሃ የበዛበት፣ ወደ ታች የፈሰሰ። ምንም ነገር አይመስልም። ሰው ሲገፋኝ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያኔ ዓምዶቹ ቆሙ። ትልቅ የጥንት ቤተ መንግሥት፣ ግማሹ የፈረሰ፣ በዝናብ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ብቅ አለ። የካርቶኑ መስመር የድንጋዩ መስመር ሆነ።

ልቤ ደነገጠ። አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «ይሄንንማ እኛ አገር ቆራሌውም አይገዛው» አልኩት ለጓደኛዬ። እሱ አልመለሰልኝም። እስከ ሜትሮው ዝም ብለን ሄድን።

ይህን ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። ያደግኩት መርካቶ ነው፣ ከምናለሽ ተራ ብዙም ሳይርቅ። የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ በርባሶ ሲሆን፣ የሲሚንቶ ወረቀት መጠቅለያ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። የመዶሻው ድምፅ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። እናቴ ባዶ ጠርሙስ ጥላ አታውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ሥራ ከማንም ቀድሞ መረዳት የነበረበት እኔ ነበርኩ። ግን የተማርኩት መርካቶን ለመርሳት ይመስለኝ ነበር።

ቢሆንም ሥራው አልለቀቀኝም። በሳምንቱ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ካርቶን ሰብስቤ መጣሁ። ያን ጊዜ ሞስኮ ገንዘብ እንጂ ካርቶን አልጠፋም፤ የውጭ ቴሌቪዥኑም ሙዙም በካርቶን ነው የሚገባው። አልጋዬን ወደ ግድግዳ ገፍቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። የእናቴን ቤት በር ሳልኩ። በሩን፣ ደፉን፣ ከበሩ ጎን የሚቀመጠውን በርሜል። ቤታችን ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ሦስት ሌሊት ሠራሁ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ የምላችሁ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር።

ከዚያ አንድ መምህር ሊጎበኘን መጣ። ሥዕሉን አየና «ጥሩ ንድፍ ነው፣ አሁን በሸራ ሥራው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አፈርኩ። ለመመረቂያ ሥራዬ የሱፍ ካፖርቴን ሸጬ ሸራ ገዛሁ። ያንኑ በር በሸራ ላይ ሠራሁት። ንጹሕ ሆነ፣ ተመሰገንኩበት፣ ውስጡ ግን ማንም አልነበረም። ካርቶኑን በመስኮታችን ክፍተት ላይ ለጠፍኩት፤ ብርዱ አላስተኛን ብሎ ነበር። የተሳለበትን ፊት ወደ ውጭ አደረግኩት። እንዳላየው ብዬ ነው።

መጋቢት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ካርቶኑ ውሃ ጠጣ። ስነቅለው እንደ ሽንኩርት ተላላጠ። ቀለሙ ያረፈበት ስስ ወረቀት ለብቻው ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ያ የሮስቶቩ ልጅ «ከጣልከው ለእኔ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።

አገር ቤት ገብቼ ሙሉ ዕድሜዬን ማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን ሠራሁ። ልጆች አሳደግኩበት፤ አላማርርም። በፈረንጆቹ 2003 ግን አንድ መጽሔት ሳገላብጥ ያን ስም አየሁት። ኮሽሊያኮቭ ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ሩሲያን ከወከሉት አርቲስቶች አንዱ ሆኗል። መጽሔቱን ዘግቼ ሥራ ቦታዬ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን ከሩቅ ስከታተለው ኖርኩ። በፈረንጆቹ 1962 ሳልስክ በምትባል የሮስቶቭ ክፍለ ሀገር ትንሽ ከተማ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮስቶቭ ከሚገኘው የግሬኮቭ የሥዕል ትምህርት ቤት ጨረሰ። ቲያትር ቤት ውስጥ የመድረክ ሥዕል ሠርቷል። ያን ስፋት ከዚያ ያመጣው ይመስለኛል፤ የመድረክ ሥዕል በቀጭን ቀለም፣ በፍጥነት፣ ከሩቅ እንዲታይ ነው የሚሠራው። ከካርቶን ሌላ ተራ ፕላስተር ግድግዳ ላይ እየለጠፈ ምስል ይሠራል። የሚስለው የግሪክና የሮም ፍርስራሽ ነው፣ የስታሊን ዘመን ረጃጅም ሕንፃዎችም አሉበት። ታላቅነትን በሚጣል ነገር ላይ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስም ካገኘ፣ ፓሪስም ከኖረ በኋላ ሸራ የመግዛት ችግር አልነበረበትም። ሸራ ላይም ይሠራል። ካርቶኑን ግን አልተወውም። በፈረንጆቹ 2016 ቬኒስ ካ ፎስካሪ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2017 ሞስኮ በሩሲያ ኢምፕሬሽኒዝም ሙዚየም ትልልቅ ኤግዚቢሽን ሲያሳይ እዚያው ዓለም ውስጥ ነበር። ለእሱ ካርቶን «ለጊዜው» አልነበረም።

ልጄ፣ ከጥያቄሽ ውስጥ የቆረጠኝ ይቺ «ለጊዜው» ያልሻት ቃል ናት።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ልናገር። ትዕግሥት የላችሁም። ጠዋት የጀመራችሁት ማታ ቲክቶክ ላይ ነው። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ደርድሮ አጣብቆ «ሪሳይክል አርት» የሚል ጽሑፍ የሚለጥፍ ልጅ በዝቷል። ቆሻሻ መሆኑ ብቻውን ሥራ አያደርገውም። ክዳኑ ለምን ክዳን መሆን እንዳለበት ዕቃው ራሱ ሊናገር ይገባል። የእኛው አርቲስት ኤልያስ ስሜ የኮምፒውተር ሽቦ ሲጎነጉን እዩት፤ ለዓመታት ነው አንድ ነገር ላይ የቆየው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት እያልኩ የማወራው ሰው፣ ሸራ እስካገኝ በትዕግሥት ስጠብቅ ነው ያለፈብኝ። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ አላውቅም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ስለ ዲሲፕሊንና ጠንክሮ ስለመሥራት አልመክርሽም፤ ያን ሁሉም ሰው ይነግርሻል። ስለ ካርቶን ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ካርቶን ውስጡ አሲድ አለው፤ ፀሐይ ካገኘው ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። በአንድ ወገን ብቻ ውሃ ቀለም ከቀባሽው ይጣመማል። የአናጢ ኮላ በውሃ አቅጥነሽ ፊቱንም ጀርባውንም ቀቢው። ከባድ ነገር ጭነሽ አድርቂው። ከእርጥብ ግድግዳ አርቂው። እጥፋቱን አትደብቂ፤ መስመር አድርገሽ ተጠቀሚበት።

ይንቁኛል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ አንዳንዱ ይንቅሻል። እኔም ከናቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከመናቄ ጋር ልቤ እንደደነገጠም ነግሬሻለሁ።

የጀመርሽው ካለ ቅዳሜ ይዘሽው ነይ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሰሞኑን ዝናብ ስለማይታመን በላስቲክ ጠቅልዪው፣ ጠርዙንም ጭምር።